ከምርጡ መምህር ጎን

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። ግማሹ ክፍል አንድ ዓይነት ስህተት ተሳስቷል። መኮረጅ ካልቀረ ምናለ ከጎበዝ ቢኮርጁ?

ጠዋት ክፍል ውስጥ አንዷ ጥቁር መነጽር አድርጋ ቁጭ ብላለች። የኋላው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። «ፀሐይዋ አንቺን ብቻ ነው እንዴ የምታገኝሽ?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ዓይኔን አሞኝ ነው መምህርት።» «ምን ሆነሽ?» «በር መታኝ።» እሺ ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ምን ልበል? ሥራዬ ማስተማር ነው። ክፍል ቀርቼ አላውቅም፣ አርፍጄም አላውቅም... ሌላው ሌላ ነው። ልጅቷ ደግሞ ካልኮረጁት አንዷ ናት።

ከሰዓት ዲኑ አስጠራኝ። ኅዳር 16 በጥቃት የሞቱትን የዩኒቨርሲቲያችንን ሴቶች የምናስብበት ዝግጅት አለ፣ ኮሚቴው ውስጥ ገብተሻል አለኝ።

«ማን አስገባኝ?»

«ሴት ነሽ። ጓደኛዋም ነበርሽ።»

ለካ መመዘኛው ይሄ ኖሯል። ጓደኛዋ... የማን? ስሟን ለመጥራት እንኳ አፉ ከበደው። እኔም እዚህ ተማሪዎቿ ባወጡላት ስም ልጥራት፤ ጠመኔ። ማርከር ነፍሷ አይወድም ነበር። ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ውላ ስትመጣ ፀጉሯ፣ ቀሚሷ፣ የቦርሳዋ ማንገቻ ሳይቀር ነጭ በነጭ። «ወፍጮ ቤት ነው ወይስ ሒሳብ ክፍል የምትሠሪው?» እያልኩ እተርባት ነበር። ይቺን ቢሮ አብረን ነው የኖርንባት። አምና ባሏ ገደላት። እሱም እዚሁ ግቢ መምህር ነበር፣ ምህንድስና። ተፈርዶበት ታስሯል።

ወንበሯ ፊት ለፊቴ ነው። ሰው እንዳይቀመጥበት መጽሐፍ ከምሬበታለሁ።


ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ስብሰባ። ሰብሳቢው ከቋንቋ ክፍል የመጣ ሰውዬ ነው፤ ከክራቫቱ ጋር ሲታገል የሚውል። አጀንዳ አንድ፣ የዝግጅቱ ርዕስ። ለርዕስ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ! «ያጣናቸውን እህቶቻችንን በማሰብ» ተባለ በመጨረሻ።

«ያጣናቸው ማለት ምንድን ነው? የጠፋ ቁልፍ ናቸው እንዴ? ተገደሉ ነው የሚባለው» አልኩ።

«ስሜት ባናስገባበት» አለ ሰብሳቢው።

«መገደል ስሜት ነው?»

«ቃሉ ይከብዳል። እንግዶች አሉብን።»

ለእንግዶቹ አዘነ። ደግ ሰው።

የሚታሰቡት ሦስት ናቸው። ጠመኔ። የወንድ ጓደኛዋ አንቆ የገደላት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ሦስተኛዋ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የፈታችው ባሏ ከሥራ ስትወጣ ጠብቆ የጨረሳት። ትልቅ ፎቶ የሚሠራው ግን ለጠመኔ ብቻ ነው። የተማሪዋ ቤተሰቦች ፎቶዋ እንዳይወጣ ብለዋል... አፍረው። ጥፋቱ የእሷ ይመስል! የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ፎቶ አልተገኘላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ይሄን ግቢ ስትጠርግ ኖራ፣ መታወቂያዋ ላይ ካለችው ጥፍር ከምታክል ፎቶ በቀር ምንም የለም። «ስናጎላት ትደበዝዛለች» አለ ሰብሳቢው። ስትሠራም ደብዝዛ ነው የኖረችው፤ ማን አይቷት ያውቃል? ስማቸው ይነበባል ተባለ።

የጠመኔን እናት የመጋበዙ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «አንቺ ትቀርቢያቸዋለሽ።» ከባድ ከባዱ ሲሆን ሁልጊዜ የሚቀርብ ሰው አይጠፋም።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

እቴቴ ጋ ሄድኩ። ልጃቸው «እቴቴ» ትላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው ለመድኩ። ከስተዋል። ያ ረጅም ቁመት ጎበጥ ብሏል። ጠመኔ ቁመቷን ከእሳቸው ነው የወረሰችው፤ እኔን አጭሯን ከላይ ወደ ታች እያየች «እዚያ ታች አየሩ እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር።

ሻይ ቀዱ። ሦስት ብርጭቆ አቀረቡ። ከዚያ አንዱን መልሰው አነሱት። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

ስለ ዝግጅቱ ነገርኳቸው። የፎቶዋን መሸፈኛ የሚገልጡት እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

«እመጣለሁ። እኔ ካልመጣሁ ማን ይመጣላታል? ግን አንድ ነገር ልለምንሽ ልጄ።»

«ምን እቴቴ?»

«የዚያን ሰውዬ ፊት እንዳላይ። ፍርድ ቤት ያየሁት ይበቃኛል። ካየሁት እህል አይወርድልኝም።»

«ምን ነካዎት እቴቴ፣ እስር ቤት እኮ ነው። የት ያዩታል?»

«እሱ ነው፣ ወንድሙ ነው፣ ፎቶው ነው... ምንም። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው። አያዩትም።»

እጄን ይዘው ሳሙኝ። አንጀቴን በሉት። ቀላል ነገር ነው የለመኑኝ። ይህቺን ያላደረግሁ ምኑን ጓደኛ ሆንኩት?


ኅዳር 1፣ ሰኞ

ወይ ጉድ! ጉድ ነው እንጂ!

አዳራሹን ለማየት ገባን፤ እኔና ሰብሳቢው። መድረኩን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ የወንበሩን አደራደር። በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ የ«ዓመቱ ምርጥ መምህር» ተሸላሚዎች በተርታ ተሰቅለዋል። በፊታቸው ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። የለመዱትን ነገር ማን ያየዋል? ዛሬ ቀና ብል... የመጨረሻው እሱ፣ የጠመኔ ባል! ካባውን ደርቦ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ። ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤ «በትጋቱና በሥነ ምግባሩ አርአያ የሆነ»።

እሷ ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊት ነበር የተሸለመው። እሷም እዚሁ አዳራሽ ነበረች። ፊት ወንበር ላይ፣ ረጅም እጅጌ ለብሳ ስታጨበጭብለት። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ።

«ይሄ ሰውዬ አይወርድም እንዴ?» አልኩት ሰብሳቢውን። ቀና ብሎ አየ። «ውይ» አለ። ክራቫቱን ፈታ አደረገ። ከዚያ፣ «ይሄ እንኳ የኛ ኮሚቴ ሥልጣን አይደለም።»

የሟቿን መታሰቢያ ገዳይዋ ሥር! ይህን የሚያደርግ እኮ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ያልተማረ ሰው ቢያንስ ሰይጣን ይፈራል።

ከእንግዲህ እዚህ ደብተር ላይ «ምርጡ» ነው የምለው። ስሙን ራሳቸው ናቸው ያወጡለት።


ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ዲኑ ጋ ገባሁ።

«ሽልማቱ የተሰጠው ለማስተማር ችሎታው እንጂ ለትዳሩ አይደለም» አለኝ።

«ከሥሩ ሥነ ምግባር ይላል እኮ።»

«የሙያ ሥነ ምግባር ማለት ነው።»

«ሰው ገድሏል!»

«ይግባኝ ብሏል። ፍርዱ ቢገለበጥስ? እናስብበት እንጂ።»

«ፍርዱ ቢገለበጥ እሷ ትነሳለች?»

ብዕሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም... ይሄው ነው የሚያበሽቀው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተረጂኝ» አለ፤ «አሁን ከወረደ፣ እስከ ዛሬ ለምን ተሰቅሎ ቆየ የሚል ጥያቄ ያስነሳል።»

እጄን በአፌ ጭኜ ወጣሁ። ይነሳ! ጥያቄውማ ይነሳ እንጂ! ጥያቄ ካልተነሳ ዩኒቨርሲቲ ምን ሊሠራ ተከፈተ?


ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ንብረት ክፍል። ኃላፊው ዳቦ እየበላ ተቀበለኝ።

«ፎቶው ያንተ ነው?»

«ክፈፉ የእኔ ነው። ፎቶው የሕዝብ ግንኙነት ነው።»

«ሚስማሩስ?»

«ሚስማሩ የጥገና።»

ያሾፍብኛል ብዬ አየሁት። አላሾፈም።

ሕዝብ ግንኙነት ሄድኩ። የሽልማት ኮሚቴው ነው የሚወስነው አሉኝ። የሽልማት ኮሚቴውስ? ዘንድሮ አልተቋቋመም። ለምን? አምና «በተፈጠረው ሁኔታ» ምክንያት ሽልማቱ ታግዷል። እንግዲህ... ምርጡን በመሸለማቸው አፍረው ኮሚቴውን አፈረሱት፤ ኮሚቴው ስለፈረሰ ደግሞ ምርጡን የሚያወርድ ጠፋ። ሳቄ መጣ። መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ጥበቃው አይቶኝ «ደህና ነሽ መምህርት?» አለኝ። ደህና ነኝ! ከዚህ በላይ ደህና አለ?


ኅዳር 5፣ ዓርብ

ልጅቷ ዛሬም በመነጽር። ምን ዓይነት በር ነው ይሄ?


ኅዳር 7፣ እሑድ

ምርጡ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

አበባ ይዞላት ይመጣ ነበር። ቢሮአችን ድረስ፣ በሰው ፊት። ሻይ ክበብ ውስጥ ወንበር ስቦ ያስቀምጣታል። «ታድለሽ!» ይሏታል ሴቶቹ። «እንዲህ ያለ ባል በሻማ ተፈልጎ አይገኝም።» እሷ ፈገግ። አንድ ቀን ታዲያ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ ሲጮህ... «አታነሺውም?» አሏት። «የት ነሽ ሊለኝ ነው። እዚህ መሆኔን ያውቃል። ግን ይደውላል» አለች። «ስለሚወድሽ ነው» አሏት። ሁሉም። ዲኑም ነበረ፣ ሰብሳቢውም ነበረ። ሻዩ ቀረበ፣ ወሬው ወደ ደመወዝ ዞረ።

የሞተ ተጎዳ ይላሉ። እሷ ሳትሞትም ተጎድታ ነበር እኮ... ማን ጠየቃት?


ኅዳር 8፣ ሰኞ

ስብሰባ። «እሱ ካልወረደ እናትየውን አላመጣም» አልኩ። ጠረጴዛውን መታሁ መሰለኝ፤ የሰብሳቢው ውሃ ፈሰሰ።

«ፕሮግራሙ ታትሟል፣ ፕሬዚዳንቱ ይገኛሉ» አለ ውሃውን በመሐረብ እየጠረገ።

በመሐል ከሕዝብ ግንኙነት የመጣችው ሴትዮ መላ አመጣች። ግድግዳውን በሙሉ በጥቁር ጨርቅ እንሸፍነው። «ሐዘን ነው። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። የእሷ ፎቶ ደግሞ መድረኩ ላይ በማቆሚያ፣ ለብቻው ይሆናል።»

እፎይ አሉ። ፊታቸው ሁሉ በራ። ወይ ማውረድ የለ፣ ወይ ጥያቄ የለ።

እኔስ? ቃል የገባሁት ፊቱን እንዳያዩ ነው። ከጨርቅ ሥር ከሆነ አያዩትም... አይደል? እሺ አልኩ። ደከመኝ። እህቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ጨርቁም ወደ እኔ መጣ።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ

እህቴ ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግታ እየሰፋች፣ እየተነጫነጨች ዋለች።

«ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለምንድን ነው? አንድ ሚስማር መንቀል አቅቷችሁ?»

«ኮሚቴው ነው።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ሰውዬውን ነው ወይስ ግድግዳውን ነው የምትቀብሩት?»

የጨርቁን ጫፍ ያዝኩላት። እሷ ላይ መልስ መስጠት ነገር መጨመር ነው። ትንሽ ቆይታ ማሽኑን አቆመች።

«ያን የሽልማቱን ቀን ቀሚስ እኮ እኔ ነኝ የሰፋሁላት» አለች። «እጅጌውን እስከ አንጓዬ አውርጂልኝ አለችኝ። በዚህ ሙቀት? ብላት፣ ፋሽን ነው አለችኝ። ስለካት ክንዷን ሸሸት ታደርገዋለች። እኔ ደግሞ የምትኮረኮር መስሎኝ... ሳቅሁባት።»

አለቀሰች። ከዚያ ጨርቁን ጨረሰችው። ስፌቷ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነው።


ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጨርቁ ተሰቀለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ወጥረው በመርፌ ቁልፍ አያያዙት። ግድግዳው ጥቁር ሆነ። ምርጡ ጠፋ። ከታች ቆሜ ሳየው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ገና ዛሬ ተነፈስኩ።

እቴቴ ደወሉ። «ምን ልልበስ?» «የሚመችዎትን እቴቴ።» «ሰማያዊውን እለብሳለሁ። እሷ የገዛችልኝን። ጥቁር ለብሼ አይታኝ አታውቅም።» ከዚያ፣ «ያልኩሽን አልረሳሽም?»

«አልረሳሁም። ቃሌ ቃል ነው» አልኳቸው።


ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት ክፍል ነበረኝ። መቼም እኔ ክፍል አልቀርም! አስተምሬ ስወጣ በቀጥታ ወደ ዋናው በር ሄጄ እቴቴን ተቀበልኩ። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ጫማቸው ተወልውሎ። ክንዳቸውን ይዤ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። መድረኩን አየሁ። ማቆሚያ የለም። ፎቶ የለም። ሰብሳቢውን በዓይኔ ጠየቅሁት። በአገጩ ወደ ጨርቁ ጠቆመኝ። አልገባኝም።

ፕሬዚዳንቱ ተናገሩ። «ጥለውን የሄዱ እህቶቻችን» አሉ። ጥለውን! የት ሄዱ? ለትምህርት? ስሞቹ ተነበቡ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጋ ሲደርሱ የአባቷን ስም ዘለሉት። ምናልባት ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ወረደ። «አሁን ወላጅ እናቷ ፎቶዋን ይገልጡልናል» አለ። እቴቴን ደግፎ ወደ ግድግዳው ወሰዳቸው።

ያኔ ገባኝ። ማቆሚያውን፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ምህንድስና ክፍል ለዐውደ ርእይ ተውሶታል። ፎቶው ደግሞ የሆነ ቦታ መዋል አለበት። ሽልማቱ ስለታገደ ግድግዳው ላይ ባዶ የቀረ ሚስማር ነበር፣ የዘንድሮው ተሸላሚ ሚስማር። ከምርጡ ቀጥሎ ያለው። ጠዋት እኔ ክፍል ሳለሁ እዚያ ሰቀሏት። ጫፉን ገለጥ ሲያደርጉ እሷ ብቻ ትታያለች ብለው።

«ቆይ! ቆዩ እቴቴ!» ብዬ ተነሳሁ። እየተጨበጨበ ነበር። ማን ይስማኝ?

እቴቴ የጨርቁን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት። ገለጥ አላደረጉትም፤ ሳቡት። ገመዱ ተበጠሰ። ጨርቁ በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ዝርግፍ ብሎ ወረደ።

ጠመኔ፣ ጣቶቿ ነጭ በነጭ፣ እየሳቀች። ከጎኗ ምርጡ፣ ካባውን ደርቦ፣ እየሳቀ። ትከሻ ለትከሻ። የሠርጋቸው ፎቶ ነው የሚመስለው።

ጭብጨባው እዚህም እዚያም እየተንጠባጠበ ቆመ።

እቴቴ አልጮኹም። አላለቀሱም። ቆመው አዩት። እንዳያዩት የለመኑኝን ፊት ደህና አድርገው አዩት። ከዚያ ተንጠራርተው የልጃቸውን ፎቶ ከሚስማሩ ላይ አነሱት።

«ኧረ እማማ... ምን ሆነዋል?» አለ ሰብሳቢው።

«አንዴ ከዚህ ሰው ጎን አስቀምጫት ነበር» አሉት። «ይበቃል።»

ድምፅ ማጉያው በሰብሳቢው እጅ ላይ ክፍት ነበር። አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

ፎቶውን ብብታቸው ሥር ይዘው በወንበሮቹ መሐል ወጡ። ሮጬ ዋናው በር ላይ ደረስኩባቸው። ታክሲ አስቁመዋል። ምን እንዳልኩ አላውቅም... ይቅርታ፣ ማቆሚያው፣ ኮሚቴው፣ የማይረባ የማይረባውን ቀባጠርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አያዩትም ብለሽኝ ነበር» አሉ።

ይህቺን ብቻ። ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት።

ወደ አዳራሹ ስመለስ ፕሮግራሙ ቀጥሏል። ግጥም እየተነበበ ነበር። ምርጡ ግድግዳው ላይ እየሳቀ ያዳምጣል።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አወረድኩት።

ማንንም አልጠየቅሁም። ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት አዳራሹ ክፍት ነበር። ጨርቁ እንደወደቀ ጥግ ላይ ተከምሯል። አጭር ነኝ፣ አልደርስበትም። መድረኩ ላይ ያለውን የፕሬዚዳንቱን ባለመደገፊያ ወንበር እየጎተትኩ አመጣሁ። ለስላሳ መቀመጫ ነው፤ ስወጣበት ይዋልላል።

«መምህርት፣ ይወድቃሉ!»

ባለ መነጽሯ ልጅ። በሩ ላይ ቆማ። ለምን እንደመጣች እንጃ።

«ከምታይኝ ነይ ያዢልኛ!»

መጥታ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ክፈፉን ብነቀንቀው እንቢ አለ። ደህና አድርገው ነው የሰቀሉት፣ መቼም ለእሱ ሲሆን! ስጎትተው ሚስማሩም ኖራ ይዞ ተነቀለ። ፀጉሬ ላይ ነጭ አቧራ ፈሰሰ።

ስወርድ ልጅቷ ፎቶውን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። «ይቻላል እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እንዲሁ... ሳያስፈቅዱ?»

«እንግዲህ ወረደ» አልኳት።

ንብረት ክፍል ወስጄ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋሁት። ገቢ የሚሆንበት ቅጽ ምናምን ማለት ጀመረ። «ክፈፉ የእኔ ነው አላልክም? ይኸው ክፈፍህ!» ሚስማሩን ግን ኪሴ ውስጥ ረስቼው ቤት ገባሁ። የጥገና ንብረት ሰረቅሁ ማለት ነው።


ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «የተቋሙን ንብረት ያለ ፈቃድ በማንሳትና ግድግዳ ላይ ጉዳት በማድረስ።»

ግድግዳው ላይ ጉዳት! ምርጡ ስንት ጊዜ ክንዷን ሲያበልዝ አንድ መስመር የጻፈበት አልነበረም። ግድግዳው ግን ሰው አለው።

ለእህቴ አነበብኩላት። «ክፈፍ አሠርቼ ልስቀልልሽ? የዓመቱ ምርጥ ማስጠንቀቂያ» አለች። እስክንፈርስ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ። «ሄደሽ ሴትዮዋን ካላየሽ እኔ ራሴ ጎትቼ ነው የምወስድሽ» አለችኝ።


ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

እቴቴ ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከፈቱልኝ። «ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ» አሉ። ተመስገን፣ ተቆጡኝ።

ፎቶዋን መኝታ ቤታቸው ሰቅለዋታል፤ ከአልጋቸው በላይ። ግድግዳው ላይ ሌላ ምንም የለም። የሠርጉ ፎቶ፣ የምረቃው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተነስቷል።

«እዚህ ብቻዋን ናት» አሉኝ። «ማንም አይነካትም።»

ሻይ ቀዱ። ሁለት ብርጭቆ።

«ሰውዬው ወረደ?»

«ወረደ።»

«ማን አወረደው?»

«እኔ። ወንበር ላይ ወጥቼ።»

«ፈቀዱልሽ?»

«አይ። ደብዳቤ ጻፉብኝ።»

ሳቅ ነገር ፊታቸው ላይ መጥቶ ሄደ። «በነዚህ አጫጭር እግሮችሽ?» አሉ። እንደ ልጃቸው ተረቡኝ። ደስ ሊለኝ ሲል...

«በሕይወት ሳለች አንድ ሰው እንዲህ ወንበር ላይ ቢወጣላት ምናለበት?»

ለወቀሳ አይደለም ያሉት። ስኳር ምን ያህል እንደሚያደርጉልኝ በሚጠይቁበት ድምፅ ነው ያሉት። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ።


ኅዳር 29፣ ሰኞ

መጻሕፍቱን ከጠመኔ ወንበር ላይ አነሳሁ። ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። መደገፊያው ላይ የጣቶቿ ነጭ አሻራ አለ፤ እሱን ተውኩት።

ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ቢሮ ጠራኋት። ወንበሩን ሳብኩላት። ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን አቅፋ። መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነው።

«ጥፋት አለብኝ መምህርት?»

«የለብሽም።»

«ታዲያ...»

«የትኛው በር ነው?» አልኳት።

ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየተንጫጩ አለፉ። የእኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ክፍል ሊገቡ።

«ይረፍድብዎታል» አለች።

«ይርፈድ።»

ተነስቼ የቢሮዬን በር ዘጋሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አኖረችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

ክፍል ነበረኝ። አልገባሁም።